የጠፍር ሥራና የቤት ዕቃ ጥገና ለዓይነ ስውራን ሠልጣኞች፦ ከአረርቲ የተነሣ አስተያየት

በአገራችን ዓይነ ስውር ወጣት በትምህርቱ ከገፋ መምህር ወይም የሕግ ባለሙያ እንዲሆን ይጠበቃል፤ ካልገፋ ሎተሪ ማዞር ወይም ምጽዋት ይቀረዋል። በሁለቱ መካከል ያለው የእጅ ሙያ እንደ አማራጭ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። በእኔ እምነት የጠፍር ሥራና የእንጨት ዕቃ ጥገና እንደ አረርቲ ባሉ የወረዳ ከተሞች ለዓይነ ስውራን ክፍት የሆነ መደበኛ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሊሆን ይገባል።

ሥራውን በቅርብ ለተመለከተ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጠፍር እርጥብ ሳለ በእንጨቱ ላይ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ራሱን ያጠብቃል። በቂ እርጥበት መያዙን፣ እኩል መወጠሩንና ሊበጠስ የደረሰውን ሥፍራ የሚለየው ጣት ነው። በራታን የሚሠራው መቀመጫም በተለመደው አሠራር ሰባት ደረጃዎች አሉት፦ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከጎን ወደ ጎን፣ እንደገና ከኋላ ወደ ፊት፣ ከዚያም በጎን የሚሸመን፤ ቀጥሎ ሁለት ሰያፍ መስመሮች፣ በመጨረሻም ጠርዙን የሚሸፍን ማሰሪያ። ቀዳዳዎቹ በጣት ይቆጠራሉ። ዓይናማው ባለሙያ እንኳ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ቋጠሮ የሚያስረው አብዛኛውን ጊዜ በዳሰሳ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። ልኬት፣ የኤሌክትሪክ መጋዝና የቀለም ማዛመድ እውነተኛ እንቅፋቶች ናቸው። ለልኬቱ በየ1/16 ኢንች ድምፅ የሚሰጥ መለኪያ ዘንግ በውጭ አገር ዓይነ ስውራን አናጢዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ለመጋዙ መከለያና መምሪያ ቅርጽ ይረዳሉ። ቀለም ማዛመዱን ግን ለሥራ ባልደረባ መተው ነውር የለውም። ከሁሉም የሚከብደኝ የምዘናው ጉዳይ ነው። ብቃት የሚለካው በወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍ በማንበብ ከሆነ ሠልጣኙ እንጨቱን ሳይነካ ወድቋል። መጠየቅ ያለበት መገጣጠሚያው ቀጥ ማለቱና መቀመጫው ክብደት መሸከሙ ነው።

የውጭው ታሪክ አርአያም ማስጠንቀቂያም አለው። በአሜሪካ በ1829 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ወንበር መሸመንን ከሙያዎቹ አንዱ አድርጎ አስተምሯል። ነገር ግን ሙያው ውሎ አድሮ ዓይነ ስውራን ብቻቸውን የሚታጎሩበት የተለየ ወርክሾፕ ሥራ ሆነ፤ የ1938ቱ የአገሪቱ የሥራ ሕግም ለአካል ጉዳተኞች ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች መክፈልን ፈቀደ። ስለዚህ ሥልጠናው ከዓይናማ ሠልጣኞች ጋር በአንድ ክፍል፣ በአንድ የምስክር ወረቀት ካልተሰጠ ባይጀመር እመርጣለሁ።

ሕጉ መሠረት አለው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 27 የሙያ ሥልጠናንና በግል ሥራ መተዳደርን ይጠቅሳል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ግን በዋናነት የሚመለከተው ተቀጣሪና አሠሪን ነው፤ በገበያ ዳር የራሱን የጥገና ሥራ ሊከፍት ለሚሻ ሰው ብዙም አይደርስለትም።

የፕላስቲክ ወንበር ገበያውን ወስዶታል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክል ነው። ሥልጠናው በጠፍር ብቻ እንዳይወሰን የምለውም ለዚሁ ነው፤ የላላ እግር ማጣበቅ፣ የሶፋ መወጠሪያ መለወጥ፣ የተሰበረ መደገፊያ መተካት ይጨመሩበት። ለመጀመሪያው ዙር ሁለት ወይም ሦስት ሠልጣኞች ይበቃሉ፤ የመለማመጃ ዕቃውም ጠፍሩ የተበጠሰ አሮጌ አልጋ ነው።