የፎቶው ጥግ ላይ ያለው ቀፎ

ለአገሬ ልጆች፣ ከሚርዲፍ፣ ዱባይ

ባለፈው ሰሞን አንድ ደላላ በኢሞ ፎቶ ላከልኝ። ሸካ ውስጥ፣ ማሻ አጠገብ ያለ ደን ነው። «እህቴ፣ ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት ነው። ሥር ሥሩን አስመንጥረሽ ቡና ትተክይበታለሽ» አለኝ። የአሠሪዬን ልጆች ካስተኛሁ በኋላ ማድ ቤት ቁጭ ብዬ ፎቶውን በጣቴ አጎላሁት። ጥግ ላይ፣ ከአንድ ቀረሮ ቅርንጫፍ ላይ፣ ቀፎ ተሰቅሏል።

እኔ የሸካ ልጅ ነኝ። እንዲህ ያለውን ደን እኛ ኮቦ እንለዋለን፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ወሰኑን ጎረቤት ያውቀዋል፣ ሌላ ሰው ገብቶ ቀፎ አይሰቅልበትም። አባቴ በጨለማ የሚጨስ ችቦ ይዞ ሲወጣ እኛ ከሥር ሆነን እሳቷን በዓይናችን እንከተላት ነበር። የገተሜ አበባ ነጭ ማር ተሽጦ እህልም፣ ጨውም፣ ደብተርም ይገዛ ነበር። ቆጮ ከጓሮ አለ፤ እንሰት ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፣ በቸገረ ቁጥር አይነቀልም። ክፉውን ወር የሚያሻግረን ማሩ፣ ኮረሪማውና ጥምዙ ነበር።

በ1967 «መሬት ለአራሹ» ሲታወጅ ጭሰኛው እፎይ አለ፤ ተገቢም ነበር። ማር ቆራጩ ግን አራሽ አይደለም። በአማርኛችን፣ አገር «ቀና» የሚባለው ሲመነጠር ነው፣ ያልታረሰው «ጠፍ» ነው። ይህቺ ቃል ስንቱን ከቀዬው እንዳስነሳች አስቡት። የይዞታ ደብተሩ ላይ እርሻውና ጓሮው ይሰፍራሉ፤ ኮቦው ከደብተሩ ውጭ ይቀራል። የሸካ ደን በ2004 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የማን ቀፎ የት እንዳለ የሚመዘግብ ግን የለም። በጋምቤላው ጎደሬ 3,012 ሄክታር ለሻይ ልማት ሲሰጥ የደኑ ነዋሪዎች መዠንግሮች አቤት ብለው፣ የያኔው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ሳይቀሩ ደኑ እንዳይነካ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። አልሆነም።

እዚህ ልጆቹን ወደ ሙሽሪፍ ፓርክ ስወስድ ጋፍ የሚባል ዛፍ አያለሁ። አሸዋ ላይ የሚበቅል እሾሃም ዛፍ ነው፤ ዝም ብሎ መቁረጥ ክልክል ነው። ባየሁት ቁጥር ጠባቂ ያጣው የአገሬ ደን ትዝ ይለኛል፣ ሆዴም ይባባል።

የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል። የቀበሌና የወረዳ ሹማምንት ሆይ፣ እባካችሁ ባለሀብት ከመምጣቱ በፊት ኮቦውን ለኩና ወረቀቱን ለባለቤቱ ስጡ። ስትለኩም ማንጆ ወገኖቻችንን አትዝለሉ። ስናገላቸው የኖርነው እኛው ነን፣ ኑሯቸውም ከማንም በላይ በደኑ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከውጭ በተላከ ገንዘብ ደን ልትይዙ የተነሳችሁም፣ ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም ሲል ደላላ «ኮንትራት» ቢለው አትመኑት። ገብታችሁ ቀና ብላችሁ ዛፉን እዩ፣ ጠይቁ።

እኔ ታናሽ ወንድሜን ላክሁት። የቀፎው ባለቤት አንዲት ባልቴት ናቸው፤ የሰቀሉት ሟች ባላቸው ናቸው። ደኑ ለሽያጭ መቅረቡን የሰሙት ከወንድሜ ነው።