ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ዕድሜ ይጠየቅ

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ ደሴ ሳለሁ አንዲት እናት የአስራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ከኮምቦልቻ ይዘው መጡ። ልጁ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን አሞታል። ወጌሻ አሽቶት አልተሻለውም። "ልጄ፣ እባክህ በማሽኑ አድርግለት" አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ለፊዚዮቴራፒ የምንጠቀምበት አልትራሳውንድ እንደ እርግዝናው ምርመራ ምስል ማሳያ አይደለም። በ1 ወይም በ3 ሜጋኸርዝ የድምፅ ሞገድ ሰውነትን ያሞቃል፤ አጥንት ደግሞ ከጡንቻ ይበልጥ ይህን ኃይል ይመጥጣል። በልጅ ጉልበት ላይ አጥንቱ የሚረዝምበት ልም አጥንት፣ ግሮውዝ ፕሌት የሚባለው፣ ገና አልተዘጋም። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ከፍተኛ መጠን በማደግ ላይ ያለ አጥንትን እንደሚጎዳ አሳይተዋል። በዝቅተኛ መጠን ጉዳት ያላገኙ ጥናቶችም አሉ።

"ታዲያ ለስብራት ይጠቅማል ይባል የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ለስብራት የፈቀደችው መሣሪያ ኃይሉ በካሬ ሴንቲ ሜትር 30 ሚሊዋት ብቻ ነው። እኛ 1 ዋት ስንለቅ ከ30 እጥፍ በላይ እየለቀቅን ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ሥራው አንድ አይሆንም!

እናትየው "ማሽን እያለ ለምን ትከለክለኛለህ?" ብለው አዘኑብኝ። ለልጁ እረፍትና የጭን ጡንቻ እንቅስቃሴ አስተማርኩት። በእኔ እምነት በሽተኛን ደስ ለማሰኘት ብቻ ማሽን መክፈት ሕክምና አይደለም። ስለዚህ ጓዶች፣ መጀመሪያ ዕድሜ እንጠይቅ።