ሰማይ በቁልፍ አይከፈትም

«ከዋክብትን በስም ማጥናት ድሮ ቀረ፤ ዛሬ ቁልፍ መጫን ይበቃል» ይሉናል ቴሌስኮፕን በኮምፒውተር መቆጣጠሪያ የሚዘውሩ ወዳጆቻችን። አይበቃም!

መሣሪያውን አልንቅም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሰማይ አካላትን ሥፍራ በቃሉ ይዟል። ዳሩ ግን እርሱም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ከሰው ይለምናል።

በኅዳር ወር፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ 2፡00 ብዬ ሞላሁ። እርሱ በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራልና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መሰለው። ወደ ደቡብ ሽቅብ አነጣጠረና «ሲሪየስ ይህች ናት፤ መሐል አድርጋት» አለኝ። በዚያ አቅጣጫ የነበረችው ግን ፈዘዝ ያለች ሌላ ኮከብ ናት፤ ከሌሊት ከዋክብት ሁሉ የምትደምቀው ሲሪየስ ገና ከምሥራቅ አልወጣችም! ሰማዩን ባላውቅ ኖሮ እሺ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ በተሳሳተ ካርታ በተንከራተትሁ ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ያረመኝ ግን መሣሪያው ሳይሆን ዐይኔ ነው።

ወዳጆቼ፣ ቁልፉን ተጫኑ፤ አስቀድማችሁ ግን ደጅ ወጥታችሁ ቀና በሉ። መቆጣጠሪያው «ኤም 31» የሚላት ጋላክሲ ስሟ አንድሮሜዳ ነው፤ የግሪክ ተረት አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያደርጋታል። ቁጥሯን ማሽኑ ይያዝ፤ ስሟን እኛ እንያዝ።