በበጋ የሚፈለግ በጎ ፈቃደኛ

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ የችግኝ ተከላ ጥሪ ይተላለፋል። ሕዝቡም ዶማውንና አካፋውን ይዞ ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸው በመንግሥት መገለጹ ይታወሳል። ጥሪው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በታኅሣሥ ወይም በየካቲት ወር «ኑና ውሃ አጠጡ፤ ኑና አረም አርሙ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ያየበትን ጊዜ አያስታውስም። በጎ ፈቃደኛ በእጅጉ የሚያስፈልገው ግን ያን ጊዜ ነው።

ይህን ያስተዋልሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ 36 የኮሶ ችግኞች ተከልን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። በጥር ወር በሌላ ጉዳይ ወደ ግቢው ስገባ በሕይወት የቆዩት 3 ብቻ ነበሩ። ከደረቁት አንዱን ብነቅለው ሥሩ የችግኝ ጣቢያው ጥቁር ፕላስቲክ ሳይወልቅለት ተጠምዝዞ እንደ ታሰረ ወጣ። የዕፅዋት ሳይንስ እናስተምራለን የምንል ሰዎች ፕላስቲኩን ሳንቀድ ተክለነው ነበር!

በሕይወት ስለቆዩት የግቢውን አዛውንት ዘበኛ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ እነዚህን ሦስቱን ማን ተንከባከባቸው?»

«ማን ይንከባከባቸዋል ልጄ፤ እኔ ነኝ እንጂ የምታጠበውን ውሃ የማፈስላቸው። እናንተማ ተክላችሁ ሄዳችሁ።»

የአዛውንቱ አነጋገር ያሳፍራል፤ በሳይንስ ዓይን ሲታይ ግን ፍጹም ትክክል ነው። አንድ ችግኝ በተተከለ ጊዜ ሥሩ ከችግኝ ጣቢያ ይዞት ከመጣው ጥቂት አፈር አይዘልቅም። በክረምት አፈሩ ሁሉ እርጥብ በመሆኑ ተክሉ ጤነኛ መስሎ ይታያል። መስከረም ካለፈ በኋላ ግን አፈሩ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ይሄዳል፤ የችግኙም ሥር እየሸሸ ከሚወርደው እርጥበት ጋር እሽቅድምድም ይገጥማል። በዚህ እሽቅድምድም ከድርቀቱ ሌላ ብርቱ ተፎካካሪ አለበት፤ እርሱም ሣር ነው። የሣር ሥር በላይኛው የአፈር ክፍል እንደ ጥልፍልፍ መረብ ስለሚዘረጋ ያለችውን እርጥበት ቀድሞ ይመጥጣል። ስለዚህ በችግኙ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ማረም ራሱን የቻለ ውሃ ማጠጣት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውሃ ያጠረው ቅጠል ስቶማታ የሚባሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ ውሃ አይባክንም፤ ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይገባም፤ በመሆኑም ተክሉ ምግቡን ማዘጋጀት ያቆማል። ምግብ ካላዘጋጀ ሥር አያሳድግም፤ ሥር ካላሳደገ ጥልቁ ውሃ ዘንድ አይደርስም። ይህን አዙሪት የሚሰብረው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚፈስለት በቂ ውሃ ነው። በየቀኑ ላዩን ማርጠብ ሥሩ ወደ ላይ እንዲቀር ያደርገዋልና ከስንት አንዴ በጥልቀት ማጠጣት ይመረጣል። ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ከግንዱ ጥቂት አርቆ ዙሪያውን መጎዝጎዝም የአፈሩን ትነት ይቀንሳል። በእንጦጦ ከፍታ ላይ ለተተከለ ችግኝ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ተጨማሪ ፈተና ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው የአትክልት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የአንድ ቀን ዘመቻ ሳይሆን በየሳምንቱ ለሁለት ሰዓት ያህል የሚሰጥ ሥራ ነው። ታዲያ ይህ ሥራ የት ይገኛል? ማስታወቂያ ስለማይወጣለት ፈላጊው ራሱ ሄዶ ሊጠይቅ ይገባዋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ለሆነ ሰው በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። በከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ፣ በእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ላይ ከ700 ሄክታር በላይ የያዘው ይህ ማዕከል በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የተመሠረተ ነው። በባሕር ዛፍ ተውጦ የነበረውን ተራራ በአገር በቀል ዕፅዋት የመተካት ሥራ በጥቂት ሠራተኞች ክንድ ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

ይሁንና ሁሉም ሰው ጉለሌ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም። የትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ፣ የጤና ጣቢያ ግቢ፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ የደብርና የመስጊድ ቅጥር፣ የወረዳ ችግኝ ጣቢያ፣ የኮንዶሚኒየም የጋራ መሬት፣ ሁሉም ሰው የሚሹ ቦታዎች ናቸው። ከመመዝገብ በፊት ግን ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበጃል፦ ውሃው በበጋ ከየት ይመጣል? ከብትና ፍየል እንዳይገባ አጥር አለ ወይ? ለተክሉ በስም የሚጠየቅ ሰው ማን ነው? ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ካጡ ቦታው ገና ችግኝ ለመቀበል ዝግጁ አይደለምና የመጀመሪያው አገልግሎት አጥር ማጠር ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ሥራ የሚጠቀመው ተክሉ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 አግነስ ቫን ደን በርግና ማሪዬት ኩስተርስ የተባሉ ተመራማሪዎች በኔዘርላንድ ባደረጉት ሙከራ 30 አትክልተኞች በመጀመሪያ አእምሮን የሚያስጨንቅ ሥራ እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያም እኩሌቶቹ ለ30 ደቂቃ በአትክልት ቦታቸው ሲሠሩ የቀሩት በቤት ውስጥ ተቀምጠው እንዲያነብቡ ሆነ። በምራቃቸው ውስጥ የተለካው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ወገን ቢቀንስም፣ ይበልጥ የቀነሰው በአትክልተኞቹ ዘንድ ነበር። ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 46 ሕሙማን መካከል በመስኮት ዛፎችን የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል መውጣታቸውንና ብርቱ የሕመም ማስታገሻ መውሰድ መቀነሳቸውን አሳይተዋል። የሁለቱም ጥናቶች ተሳታፊዎች ጥቂት በመሆናቸው አትክልት መኮትኮት መድኃኒት ነው ብሎ ማወጅ አይገባም። ነገር ግን በጤና ጣቢያ መስኮት ሥር ያለች አንዲት ዛፍ ውሃ የምታጠጣትንም ሆነ አልጋ ላይ የተኛውን ሰው ልትጠቅም እንደምትችል ማሰብ ከሳይንስ መንገድ መውጣት አይደለም።

ለሥነ ሕይወት ተማሪ ደግሞ ጥቅሙ ከዚህም ይልቃል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዘርዝር ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዝግቧል፤ ከእነዚህም ከአሥር አንድ ያህሉ በዚህ አካባቢ ብቻ የሚገኙ ናቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ደርቀው በወረቀት ላይ ከተለጠፉ ናሙናዎች ነው። የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት እንዳለው፣ ለኮሶ ትል መድኃኒትነት ሲያገለግል የኖረውም የሴቴዋ ዛፍ አበባ መሆኑን በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ብዙ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ የለየ ግን ስንቱ ነው?

ስለዚህ ለሳይንስ ትምህርት ክፍሎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በአቅራቢያው ካለ ግቢ ጥቂት ችግኞችን ተረክቦ በሳምንት ግማሽ ቀን ይንከባከብ፤ በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ ቁመታቸውንና በሕይወት መኖራቸውን ይመዝግብ። ግዴታ የሆነ በጎ ፈቃድ በጎ ፈቃድ አይደለም የሚሉ መምህራን አሉ፤ እውነት አላቸው። እኔም በነጥብ የሚገዛ አገልግሎት አልወድም። በመሆኑም መዝገቡ ለፈለገ ብቻ ክፍት ይሁን፤ የተሰበሰበው ቁጥር ግን ለመመረቂያ ጽሑፍ ማስረጃ ሆኖ እንዲያገለግል ይፈቀድ። የትኛው ዝርያ በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ውሃ የመጀመሪያውን በጋ እንደሚያልፍ የሚነግረን ከዓመት ዓመት የተያዘ መዝገብ ቢኖረን በየሐምሌው ምን ያህል ችግኝ በከንቱ ከማፍሰስ እንድን ነበር!

ለመጀመር የሚያስፈልገው መኮትኮቻ፣ ጀሪካንና ጓንት ነው። ጓንቱን የጠቀስሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ አምጪው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ስለሚኖር ክትባቱን ያልወሰደ ሰው አስቀድሞ ቢከተብ መልካም ነው።

እኔ በበኩሌ ቅዳሜ ጠዋት ወደዚያ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አዛውንቱ ዘበኛ ጡረታ ወጥተዋል፤ ውሃውን የሚያፈሱት አሁን የተፈጥሮ ክበቡ ልጆች ናቸው። ሦስቱ ኮሶዎች ከእኔ ቁመት አልፈዋል። ገና አላበቡምና ወንድ ይሁኑ ሴት አልለየንም።