ቀጭ ያለ ሁሉ

አማርኛችን ለብሎን መፍቻ ያወጣው ስም የሥራውን ግማሽ ብቻ የሚናገር ነው። «መፍቻ» እንለዋለን፤ የምናጠብቀው ግን በዚያው ነው። የተፈታ ነገር ተፈታ፣ አበቃ። ማጥበቅ ግን «ምን ያህል?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ለዚህ ጥያቄ የተሠራው ቶርክ ሬንች ነው፤ የተሞላለት መጠን ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል፣ እጅም ይቆማል።

በአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪዎች ዘንድ ይህ ድምፅ ትልቅ እምነት ይጣልበታል። የማነጣጠሪያ መነጽሩን የሚያቅፉት ቀለበቶች ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ኢንች ፓውንድ እንዲጠብቁ ይታዘዛል። ከልክ ቢያልፍ የመነጽሩ ቱቦ ይጨፈለቃል፤ ቢጎድል በተኩሱ ግፊት ይንሸራተታል። ልቧ ላይ ታልሞ ሆዷን የተመታች፣ ቆስላ ጫካ ገብታ በሥቃይ የምትሞት አጋዘን የዚህች ትንሽ ብሎን ዕዳ ከፋይ ናት።

ሙግቴ ይህ ነው፤ ያልተፈተነ ቶርክ ሬንች ከባዶ እጅ ይብሳል። በእጁ ግምት የሚያጠብቅ ሰው እጁን ይጠራጠራል፣ ተመልሶ ይነካካል። «ቀጭ» ሲል የሰማ ግን ሥራዬ አለቀ ብሎ ይነሣል። ምስክሩን ሳይመረምር ፈረደ ማለት አይደለምን?

መመርመሪያው ሩቅ አይደለም። የመፍቻውን ራስ በሞርሳ ይዞ እጀታውን አግድም ማስተኛት፤ ከራሱ መሀል 23 ሴንቲ ሜትር ርቆ 1 ኪሎ ማንጠልጠል። ይህ 2.26 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም 20 ኢንች ፓውንድ ያህል ነው። የእጀታው የራሱ ክብደትም አብሮ ይጫናልና ከስሌቱ ከተረሳ ፈታኙ ራሱ ይዋሻል።

የመፍቻው ዐቅምም ያሳስታል። እስከ 200 ኢንች ፓውንድ በሚለካ መፍቻ ላይ 20 ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን የዚህ ዓይነት መፍቻ ትክክለኛነት በተለምዶ የሚታመነው ከከፍተኛው መጠን 20 በመቶ ጀምሮ ነው፤ እዚህ ላይ 40 መሆኑ ነው። ከዚያ በታች ያለው ቁጥር ዋስ የለውም።

«ቤተ ሙከራ ልኮ ማስፈተሽ ይሻላል» የሚሉኝ አይጠፉም። እውነታቸውን ነው፤ በኪሎ የሚደረግ ፍተሻ የእነርሱን ወረቀት አይተካም። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት ከጠረጴዛ ለወደቀ መፍቻ የአምናው ወረቀት ምን ያደርግለታል? ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ የወደቀው መፍቻው ነው። ሠሪው ያቺን 1 ኪሎ ከአጠገቡ አያርቃት። ማታም ሲነሣ መፍቻውን ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይመልሰው፤ ሞላው ሌሊቱን ተወጥሮ እንዳያድር።