የጭቃው ቤት ትምህርት

ተማሪዎቻችንን ናይሮቢ ላንጋታ ወደሚገኘው ቦማስ ኦፍ ኬንያ ስንወስድ፣ «ልጆቹ የጭቃ ጎጆ አይተው ምን ይጠቀማሉ?» የሚሉን ወላጆች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛ ግን ብዙ ይጠቀማሉ እንላለን።

በ1971 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው በዚህ ስፍራ የኪኩዩ፣ የሉኦ፣ የማሳይና የሌሎችም የኬንያ ሕዝቦች መንደሮች በባህላዊው አሠራር ተሠርተው ይታያሉ። በማሳዮች ዘንድ ቤት የምትሠራው ሴቷ ናት፤ እንጨቱን አዋቅራ በጭቃና በእበት ትለስነዋለች። የኪኩዩ ጎተራ እህሉን ከእርጥበትና ከአይጥ ለመጠበቅ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል። ይህ ሁሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ እውቀት ነው።

በአገራችንም ጭቃ በጭድ ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል፤ ጎተራም አለን። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ግን ምሰሶ፣ ማገር፣ መደብ፣ ጓዳ ስንላቸው ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። እነዚህን ቃላት የሚያስተምር ሰው ከቤት ከጠፋ፣ በትምህርት ቤት ብቻ አይተኩም።

ስለዚህ ጉብኝቱ ፎቶ ተነስቶ በመመለስ እንዳያበቃ አደራ እንላለን። ተማሪዎች፣ እናት አባታችሁና አያቶቻችሁ ያደጉበት ቤት ምን ይመስል እንደነበር ጠይቁ፤ ሥዕሉን ሥላችሁ የየክፍሉን ስም በአማርኛ ጻፉበት። እናንተም ወላጆች፣ ሳትሰለቹ ንገሯቸው።