ፍላንጁ ላይ የተመታው ቁጥር የሠራተኛውም ጉዳይ ነው

በፋብሪካ፣ በልብስ ማጠቢያ ድርጅትና በትልልቅ ወጥ ቤቶች ከእንፋሎት ጋር የሚሠሩ ወገኖች አሉን። እኛ የማኅበረሰብ ነርሶች የምናገኛቸው ዘግይተን ነው፤ ቁስል ልናጥብ፣ ፋሻ ልንቀይር። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ከቁስሉ በፊት ስላለው ነገር ነው፤ ሁለት ቧንቧዎችን በብሎን ስለሚያያይዘው ክብ ብረት፣ ስለ ፍላንጅ። በዕብራይስጥ ኦገን ይሉታል።

እንፋሎት ከፈላ ውኃ ይብሳል። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወደ ውኃ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የተሸከመውን ብዙ ሙቀት ሰውነታችን ላይ ያራግፈዋል። በግፊት የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ ከቀዳዳው አጠገብ በዓይን አይታይም። ነጩ ጉም የሚታየው ራቅ ብሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የፍላንጅ ምርጫ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ቁጥሩን በተሳሳተ መንገድ በማንበብ ነው። በአሜሪካ ደረጃ «150» የተባለ ፍላንጅ 150 ባር ይችላል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ የክፍሉ መጠሪያ ነው። ከተለመደው የካርቦን ብረት የተሠራ የ150 ክፍል ፍላንጅ በ38 ዲግሪ 19.6 ባር ይፈቀድለታል። በ200 ዲግሪ ግን 13.8 ባር ብቻ ነው፤ በ300 ዲግሪ ወደ 10.2 ባር ይወርዳል። ብረት ሲሞቅ አቅሙ ይቀንሳል።

ይህን በምሳሌ እንየው። የግፊት መለኪያው 14.5 ባር ሲያሳይ የእንፋሎቱ ሙቀት 200 ዲግሪ ገደማ ነው። «19 ባር የሚችል ነው፣ ይበቃል» ብሎ የ150 ክፍል የገጠመ ሰው ከተፈቀደው ልክ አልፏል። የ300 ክፍል በዚያው ሙቀት 43.8 ባር ስለሚፈቀድለት ሰፊ መጠባበቂያ አለው። በአውሮፓው ደረጃ «ፒኤን 16» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ 16 ባር የሚችለው ሳይሞቅ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ «ቀዳዳው ገጥሟል» የሚለው ነው። ለ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ የሚሆኑት ፒኤን 16 እና ፒኤን 40 ፍላንጆች ሁለቱም አራት ቀዳዳ አላቸው፤ የብሎኖቹም አቀማመጥ አንድ ነው። የአሜሪካው ባለ ሁለት ኢንች የ150 ክፍል ደግሞ ከእነርሱ የሚለየው በ4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብሎኑ እየተገፋ ሊገባ ይችላል። መግባቱ ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም። ጋስኬቱና ብሎኑም ለዚያ ሙቀትና ግፊት የተፈቀዱ መሆን አለባቸው፤ የመጋጠሚያው አቅም የሚለካው ከሁሉ ደካማ በሆነው ክፍሉ ነውና።

«ይህ የኢንጂነሩ ሥራ ነው» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፣ መምረጥ የእርሱ ኃላፊነት ነው። ሌሊት ላይ ፍላንጅ ሲበላሽ ግን ከመጋዘን ሌላ አንሥቶ የሚገጥመው ሠራተኛው ነው፤ መጀመሪያ የሚቃጠለውም የእርሱ እጅና ፊት ነው። ስለዚህ ከመግጠማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ የመስመሩ ከፍተኛ ግፊት ስንት ነው? ሙቀቱስ? የወጣው ፍላንጅ ጠርዝ ላይ የተመታው ክፍልና የብረት ዓይነት ከአዲሱ ጋር አንድ ነው? ጋስኬቱ ለእንፋሎት የተፈቀደ ነው? ምልክት የሌለው ፍላንጅ ቢረክስም ለእንፋሎት አይሁን። የሚያፈስ መጋጠሚያንም ግፊት እያለበት ለማጥበቅ አትሞክሩ፤ መስመሩ ይዘጋ፣ ግፊቱ ይውጣ፣ ይቀዝቅዝ።

መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው። በ1999 የወጣው የእስራኤል ደንብ አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኞች መረጃ እንዲሰጥ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያሠለጥንና መረዳታቸውን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። በፈጣን ዕብራይስጥ ተነግሮ በፊርማ የሚያልቅ ሥልጠና ማንንም አያድንም። ያልገባችሁን አትፈርሙ፤ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ጠይቁ። አሠሪዎችም ቢሆኑ የየመስመሩን ግፊት፣ ሙቀትና የፍላንጅ ክፍል በግልጽ ጽፈው ቢለጥፉ ወጪው ከአንድ ወረቀት አይበልጥም።

አደጋ ከደረሰ ግን የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ አቀዝቅዙ፣ ቅቤም በረዶም አታድርጉበት፣ 101 ደውሉ። ለሕክምናው ከአሠሪው የቢቱአሕ ለኡሚን ቅጽ 250 ተቀበሉ።

እኛ ቁስል ማከም አይከብደንም፤ ሥራችን ነው። የሚከብደን ቁጥር አንብቦ ማስቀረት ይቻል የነበረውን ቁስል ማከም ነው። አባቶቻችን «ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።